ለቃለ መጠይቅ ዝግጅት፦ የመኪና ብራንድና «አገሬ» የሚለው አገር

ውድ ጠያቂያችን፣

በማርኬቲንግ ተመርቀው ለአንድ የመኪና ኩባንያ የሥራ ማመልከቻ እንዳስገቡ፣ ለቃለ መጠይቁም ብራንዶች የትውልድ አገራቸውን ለገበያ እንዴት እንደሚጠቀሙበት የአሥር ደቂቃ ገለጻ እንዲያዘጋጁ እንደታዘዙ ጽፈዋል። «ዛሬ መኪና በየአገሩ ስለሚገጣጠም የአገር ስም ዋጋ አጥቷል» ብለው ለመከራከር አስበው ሐሳቤን ጠይቀዋል።

ይህን መከራከሪያ ቢተዉት ይሻላል። መነሻው እውነት ቢሆንም መደምደሚያው ከመነሻው ጋር አይገናኝም። ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 5 የተባለውን መኪና ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያመርተው በአሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቢሆንም፣ መኪናው በገበያ የሚታወቀው የጀርመን ተብሎ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣዎት ብራንዱ «አገሬ» ሲል ከምን ተነሥቶ እንደሆነ መመርመር ነው፤ ከተመሠረተበት ቦታ ነው፣ ከንድፉ፣ ከተገጣጠመበት ፋብሪካ ወይስ ከባለቤቱ? እነዚህ ሁሉ ዘወትር በአንድ አገር አይገናኙም፤ የማርኬቲንግ ባለሙያውም የሚቀጠረው ከመካከላቸው የሚጠቅመውን መርጦ እንዲያጎላ ነው።

ለዚህ ከቮልቮ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኩባንያው በ2010 ለቻይናው ጂሊ ከተሸጠ በኋላ፣ በ2014 የእግር ኳስ ተጫዋቹን ዝላታን ኢብራሂሞቪችን ይዞ ባወጣው ማስታወቂያ የተጠቀመው መፈክር «በስዊድን የተሠራ» የሚል ነበር። በእኛ ቋንቋ «በ» ቦታንም ሠሪንም ስለምታመለክት የመፈክሩ ብልሃት ይሰወርብናል፤ በእንግሊዝኛው (Made by Sweden) ግን የተመረጠው ቃል ቦታን የሚያመለክተው የተለመደው «in» ሳይሆን ሠሪን የሚያመለክተው «by» ነው። በዚህች አንዲት ቃል ኩባንያው የባለቤትነቱን ጉዳይ ሳያነሣ፣ ፋብሪካው የት እንደሆነም ሳይናገር፣ መኪናውን የስዊድናውያን እጅና አስተሳሰብ ውጤት አድርጎ አቀረበው። ማስታወቂያው ውስጥ የስዊድንን ብሔራዊ መዝሙር ቃላት የሚያሰማው ሰው ከስደተኛ ወላጆች ማልሞ ውስጥ የተወለደ መሆኑም እንዲሁ የተደረገ አይመስለኝም።

ኦዲ ደግሞ በ1980ዎቹ ለብሪታንያ ገበያ ባዘጋጃቸው ማስታወቂያዎች የጀርመንኛ መፈክሩን ሳይተረጉም ተጠቅሟል። ብዙ ሰሚ ቃላቱን ባይረዳም ጀርመንኛ መሆናቸውን ማወቁ በቂ ነበር። የሚያስገርመው ይህችው ብሪታንያ በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክቶች ሕግ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የብሪታንያ መስለው እንዳይሸጡ መከልከሏ ነው። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ዕቃዎች ላይ የተለጠፈው የአገር ስም፣ ገዢን ያርቃል ሲባል፣ ከጊዜ በኋላ የጥራት ምስክር ሆኖ አረፈው።

የአገር ስም የማያግዘው ብራንድ ሌላ መተማመኛ ይፈልጋል። የደቡብ ኮሪያው ሃዩንዳይ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለሞተርና ለማስተላለፊያ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና የሰጠው ለዚህ ነው። ያመለከቱበት ኩባንያ የሚሸጠው ብራንድ ከዚህ ወገን ከሆነ ገለጻዎን በዚህ ምሳሌ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

ሕጉን ችላ እንዳይሉ አደራ እላለሁ፤ ሌሎች አመልካቾች የሚዘነጉት ይህን ይመስለኛል። በ2024 የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ፖላንድ ውስጥ ለሚመረተው አዲስ መኪናው «ሚላኖ» የሚል የጣሊያን ከተማ ስም አውጥቶ፣ የጣሊያን መንግሥት ስሙ ገዢን ያሳስታል ብሎ በመቃወሙ «ጁኒየር» ብሎ ለመቀየር ተገደደ። በዚያው ዓመት ሞሮኮ ውስጥ የተሠሩ የፊያት ቶፖሊኖ መኪናዎች የጣሊያንን ሰንደቅ ዓላማ ለጥፈው በመገኘታቸው ሊቮርኖ ወደብ ላይ ተይዘዋል። በአሜሪካም በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት አዲስ መኪና የተገጣጠመበትን አገር፣ የሞተሩን ምንጭና የክፍሎቹን ድርሻ የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍበታል።

አሥሩን ደቂቃ ለሁሉም እኩል አያካፍሉ። ግማሹን ለቮልቮ ይስጡ፣ ኦዲን በአንድ ደቂቃ ይለፉ። የጣሊያኑን ጉዳይ ለጥያቄና መልሱ ያቆዩት፤ ጠያቂዎቹ «ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው?» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ያን ጊዜ ሁለቱን መኪናዎች በስማቸው ይጥቀሱላቸው።