ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ደካማ በሆነ ዓመት ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች የያዙት ውሃ እስከ ቀጣዩ ክረምት መዳረስ አለበት። የአዲስ አበባ የውሃ ፈረቃም የሚጠነክረው ያኔ ነው። ስለ ፈረቃ ለቀረቡ ጥያቄዎች በቤት ውስጥ የውሃ መስመር ሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲህ መልሷል።

አምስት ቤተሰብ ነን፤ ውሃ በአራት ቀን አንዴ ይመጣል። ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃናል?

በሰው በቀን 50 ሊትር ብንይዝ፣ 5 × 50 × 4 = 1,000 ሊትር። ኬፕታውን በ2018 እ.ኤ.አ. በድርቁ ጊዜ ለነዋሪዎቿ የወሰነችው ጣሪያ ይኸው 50 ሊትር ነበር፤ ቧንቧ ቢዘጋ ደግሞ በሰልፍ ሊታደል የታሰበው 25 ነበር። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ፈረቃው አንድ ዙር ቢዘለል ያው 1,000 ሊትር ከመጀመሪያው ቀን በ25 ሒሳብ ከተያዘ ስምንት ቀን ያደርሳል። ስለዚህ የሚሻለው ሁለተኛ ሮቶ ከመግዛት በፊት ወደ 25 የምትወርዱበትን ቀን ቀድሞ መወሰን ነው፤ ውሃው ግማሽ ሲደርስ እንጂ ሲያልቅ አይደለም።

የሞላ የ1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል። ከታች ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ይፈልጋል። በእንጨት አጣና ላይ ወይም ጠርዙ ብቻ ተደግፎ የተቀመጠ ሮቶ ከሥር ይሰነጠቃል። ነጭና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጥቁሩን ምረጡ።

ኢንጂነር፣ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ፓምፕ በቀጥታ ከቆጣሪው በኋላ ብገጥም ምን ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። አንደኛው፣ የምትስበው የጎረቤትህን ውሃ ነው፤ ከዳገት ያሉት ቤቶች ጭራሽ አይደርሳቸውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፓምፑ መስመሩን ሲጠባ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል፤ ያኔ በተሰነጠቀና በላላ መገጣጠሚያ በኩል ከአፈር፣ ከፍሳሽ ቱቦ አጠገብ ያለው ቆሻሻ ወደ ቧንቧው ይገባል። ይህን ውሃ የምትጠጣው አንተው ነህ።

ትክክለኛው መንገድ፦ ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ። ከፓምፑ ቀጥሎ ውሃ ወደኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ ከታችኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ ደግሞ ውሃው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ አስገጥም። ውሃ ሳይኖር የሚሽከረከር ፓምፕ ማኅተሙ ይቃጠልና ያንጠባጥባል። ለከፍታው፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር 1 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ አምስተኛ ፎቅ የሆነ ኮንዶሚኒየም ይህን አስቦ ፓምፕ ይግዛ።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ቡናማ ነው። ቆጣሪውም አየር ሲነፍስ ይሽከረከራል።

ባዶ የቆየ ቧንቧ እንደገና ሲሞላ ዝገትና ደለል ይነሳል፣ ውስጡ የነበረውም አየር ይገፋል። ቆጣሪ የሚቆጥረው መዞርን ነውና አየሩንም ይቆጥራል። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ሳራቺኔስካ (የመስመሩን መዝጊያ) ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ሩብ ያህል ብቻ ክፈቱ፤ አየሩ በፍጥነት ስለማያልፍ ቆጣሪው ያን ያህል አይበርም። የመጀመሪያውን ቡናማ ውሃ ለሽንት ቤት በባልዲ ያዙ፤ ሲጠራ ወደ ሮቶው አዙሩት። ይህን ለማድረግ ከሮቶው በፊት የምትከፍቱት አንድ የተለየ ቧንቧ ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ይህች ቧንቧ የለችም፣ ደለሉ ሁሉ ሮቶ ውስጥ ይገባል።

ከቦቴ የገዛነው ውሃ ይጠጣል? በረኪናስ ስንት ነው የሚጨመረው?

ከቦቴ የመጣ ውሃ እስኪታከም ድረስ ለመጠጥ አይታመንም። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን የያዘ፣ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት ይሁን። ጥርት ያለ ውሃ ለያዘ የ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር (በስሪንጅ ለኩ)፣ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 100 ሚሊ ሊትር። ደፍርሶ ከሆነ አስጠልላችሁ፣ በተጣጠፈ ነጠላ ካጣራችሁ በኋላ መጠኑን እጥፍ አድርጉ። 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለ ያንኑ መጠን ድገሙና 15 ደቂቃ ቆዩ።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ፀሐይ ላይ ወራት የቆየ በረኪና ጥንካሬው ይወርዳል፤ መጠኑ ትክክል ሆኖም ውሃው አይታከምም። በረኪናን ከአሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሮቶ በድርቅ ጊዜ እንዴት ይታጠባል? ውሃ መድፋት ያሳዝናል።

በፈረቃው ዋዜማ፣ ሊያልቅ ሲል እጠቡት። ለ20 ሊትር ውሃ 80 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩና በረጅም እጀታ ብሩሽ ግድግዳውን ፈትጉ፣ 30 ደቂቃ ተዉት፣ በታች አውጡት። ሰው አታስገቡ፤ የክሎሪን ትነቱ አደገኛ ነው። ክዳኑ ጥብቅ፣ የትርፍ ውሃ መውጫው በጥሩ ወንፊት የተሸፈነ ይሁን። ክፍት በርሜልና ሮቶ ቀን የምትነክሰዋን ትንኝ ያራባሉ፤ ድሬዳዋ ይህች ትንኝ የምታስተላልፋቸውን የትኩሳት በሽታዎች፣ ዴንጊንም ቺኩንጉንያንም አይታለች። እንቁላሏ ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት አንዴ መፈተግ ነው።

ዝናብ ከዘነበ ከጣሪያ መያዝ ያዋጣል?

በጣም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ሲረጭና ሲተን የሚጠፋውን ቀንሰን 800 ሊትር ያህል ይገኛል። የመጀመሪያውን 50 ሊትር ግን ለአበባ ተዉት፤ አቧራና የወፍ ኩስ የያዘው እሱ ነው።

ሮቶው ሌሊት ሳንጠቀም ይጎድላል፤ የት እንፈልግ?

አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት። ቀዝቃዛ ወፍራም ቡና የውሃ መልቀቂያው ሳጥን ውስጥ ጨምራችሁ 20 ደቂቃ አትልቀቁት፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የሥሩ ጎማ አልቋል። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ 0.2 ሊትር ቢያፈስ በ24 ሰዓት 288 ሊትር ነው። ቀለሙ ካልታየ ሮቶው ሥር ያለውን ሳራቺኔስካ ለሌሊት ዝጉት፤ ጠዋት ያልጎደለ ከሆነ ችግሩ ከሮቶው ወደ ቤት የሚሄደው መስመር ላይ ነው፤ ከጎደለ ራሱ ሮቶው ወይም መገጣጠሚያው ነው።