ከማሳ የወጣ ጥቁር ድንጋይ እና የተበላ ቀብድ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ወሎ፣ ደላንታ ነው። ከአባቴ ማሳ ድንጋይ ስንለቅም ጥቁር፣ ከባድ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘን። ከደሴ የመጣ ነጋዴ «ላርቪካይት የሚባል፣ ለግድግዳና ለወለል የሚሆን የጌጥ ድንጋይ ነው፤ ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ» ብሎ 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን፤ ተፈራረምን። አሁን ሌላ ሰው አሥር እጥፍ ያወጣል ይለናል። ውሉን ብናፈርስ የቀብዱን እጥፍ እንከፍላለን?

መልስ፦ እጥፍ የሚባለው ነገር እውነት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚተው ሰው አጠፌታውን ይመልሳል። ይህ ግን ውሉ ራሱ የጸና ሲሆን ነው። የእናንተው እዚህ ላይ ያነክሳል።

አባትዎ የይዞታ ደብተር ይኖራቸዋል። ደብተሩ ግን ለእርሻው ነው እንጂ ለማዕድኑ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(3) መሬቱንም የተፈጥሮ ሀብቱንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የጌጥ ድንጋይ አውጥቶ ለመሸጥ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002 ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በባህላዊ መንገድ ለሚያወጣ ሰው የሚሰጠው ክልሉ ነው። ያለ ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ሕገ ወጥ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። ያኔ ቁጥር 1815 ሁለታችሁንም ወደ ነበራችሁበት ይመልሳችኋል። በእኔ እምነት 20 ሺውን ትመልሳላችሁ፤ እጥፉ አይነሳም። ለአሥር እጥፉ ሰውዬ ያለ ፈቃድ ብትሸጡም ያው ችግር ይከተላችኋል።

ስለ ድንጋዩ፣ እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ግን ስሙ አልተዋጠልኝም። ላርቪካይት የተባለው ላርቪክ በምትባል የኖርዌይ ከተማ ስም ነው፤ የዚያ ድንጋይ ዕድሜ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የወሎ ደጋ በአብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የእናንተም ያው ሊሆን ይችላል። ባዛልት ውስጥ ያሉት ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት በራሳቸው ያብለጨልጫሉ። ቢጫ ነጠብጣብ ካለበት በሴራሚክ ጀርባ፣ ባልተወለወለው በኩል፣ ፈተግ ያድርጉት። ጥቁር አረንጓዴ መስመር ከተወ ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ወርቅ ቢጫ ነው የሚተወው። ማግኔት ሳበው ብላችሁ ደግሞ አትደሰቱ፤ ተራ ባዛልትንም ይስባል።

ዋጋውን በደላንታ ኦፓል ዓይን አትመልከቱት። ኦፓል የከበረ ድንጋይ ነው፤ በግራም ይሸጣል። ለግድግዳና ለወለል የሚሆን ድንጋይ የሚተመነው ስንጥቅ የሌለው ምን ያህል ትልቅ ብሎክ ይወጣዋል፣ ሲወለወል ምን ይመስላል፣ መኪና ይደርስበታል ወይ ተብሎ ነው። አሥር እጥፍ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሳያይ ከየት አመጣው?

ናሙናውን አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት አስመርምሩ። ስለ ፈቃዱ የወረዳችሁን ማዕድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቀብዱን በእጅ አትመልሱ፤ በባንክ ላኩ፤ ነጋዴው መቀበሉን በምስክር ፊት ይፈርም፤ የፈረማችሁትንም ወረቀት ተቀበሉት።