ሜሪላንድ በ1860 ሊንከንን አልመረጠችም፤ ልጅሽ እኔ የወደቅኩበት ላይ እንዳይወድቅ

እህቴ፣ «ልጄ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት በ1860 የፕሬዚዳንት ምርጫ ማንን እንደመረጠች ጻፍ ተብሏል፤ ሊንከንን ነው አይደል?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ልክ እንደዛ ጽፌ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. መልሱ ብሬከንሪጅ ነው፣ ለሁለት ከተከፈለው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የደቡቡ ክንፍ ዕጩ። 42,482 ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንቱን የሚወስኑትን የግዛቱን ስምንት የኤሌክቶራል ድምፆች በሙሉ ወሰደ። የሕገ መንግሥታዊ ኅብረት ፓርቲው ዕጩ ቤል 41,760 አገኘ። 722 ሰው ብቻ ነው የለያቸው! የሰሜን ዴሞክራቶቹ ዕጩ ዳግላስ 5,966። የሪፐብሊካኖቹ ሊንከን ግን 2,294፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ።

2. 1860ን ከ1864 ጋር እንዳያምታታ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። «ሜሪላንድ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ እንደ ደቡብ ግዛቶች ከአሜሪካ አልተገነጠለችም፤ ስለዚህ ሊንከንን መርጣለች» ብዬ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ከማታ ፈረቃ እየወጣሁ፣ ዓይኔን እያሸሁ። አስተማሪው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሮ «ቁጥሩን አይተኸዋል?» ብሎ ጻፈበት። ሲ ሰጠኝ።

ቁጥሩን ፍለጋ አንድ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጎግል አድርገው» አለችኝ። የፈረቃ እረፍቴን ሰውቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነበር የሄድኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል። በሳምንቱ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ አንድ ሽማግሌ የድሮ ጋዜጣ ማይክሮፊልም አውጥተው መሣሪያው ላይ ገጠሙልኝ። እጀታውን ሳዞር የየካውንቲው ድምፅ በደቃቅ ፊደል ተደርድሮ መጣ። እያንዳንዱን በእጄ ገለበጥኩ። ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት፤ ኤ አገኘሁ።

ምክንያቱንም ልጅሽ ይጻፍ፤ አስተማሪዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። በዚያው ዓመት ቆጠራ ሜሪላንድ ውስጥ 87,189 ሰው በባርነት ተይዞ ነበር፤ ነፃ ጥቁሮች ደግሞ 83,942። አንዳቸውም አይመርጡም። ሴቶችም እንደዚሁ። ብሬከንሪጅን የመረጠ ሁሉ ግን መገንጠል ፈልጎ አይደለም፤ ብዙዎቹ የቆዩ ዴሞክራቶች ነበሩ። ሊንከን ሜሪላንድን ያሸነፈው በ1864 ነው፣ ከመቶ 55 ገደማ አግኝቶ። ያኔ ጦርነቱ ብዙ ነገር ቀይሮ ነበር። ከምርጫው ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 1፣ ባርነትን የሻረው የግዛቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ውሏል። እሱም ያለፈው በ375 ድምፅ ብልጫ ነው፣ ያውም የወታደሮቹ ድምፅ ተጨምሮበት።

3. ባልቲሞርን እንዳይረሳ። ብሬከንሪጅም፣ ቤልም፣ ዳግላስም ዕጩ የሆኑት እዚያ ነው፤ ሊንከን ብቻ ቺካጎ። ይቺን እኔ ወረቀቴ ላይ አስገብቼ አስተማሪው ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበባት።

መቼ ነው የሚያስገባው? ከዚያ በፊት እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ቁጥሮቹን አይልሻለሁ።