ሶሻሊስት ለመሆን ማተብ መበጠስ ግድ ነው?

ወንድሜ፣ «ሶሻሊስት ማለት ሃይማኖቱንና ብሔሩን የካደ ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። የሶሻሊዝም አሳቢው ማርክስ በ1844 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን «የሕዝብ ኦፒየም» (ማደንዘዣ ዕፅ) ማለቱን ሁሉም ያነሳል፤ እዚያው «የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ» ማለቱን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። የሩሲያው አብዮት መሪ ሌኒንም በ1905 እ.ኤ.አ. የጠየቀው መንግሥት በሰው እምነት እንዳይገባ ነው። የራሱ ፓርቲ ግን ሃይማኖትን በሐሳብ ይታገላል ብሏል፤ ይሄን ልደብቅህ አልፈልግም።

አባቴ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ማተቡ አንገቱ ላይ ነው። በረመዳን፣ ማታ ተረኛ ሲሆኑ፣ ከይፋት የመጣው ባልደረባው በቴምርና በውኃ እስኪያፈጥር ማሽኑን እሱ ይጠብቅለታል። ለፋሲካ ጾም ደግሞ ያ ሰው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ዞር ይላል። ደመወዝ ይጨመር ሲሉም አብረው ነው የፈረሙት።

በብሔር በኩል፣ የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን እኩልነት ያነሳው ከሶሻሊዝም ትግል ጋር አያይዞ ነው።