የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ሆኖ ሳለ ልብ ለምን ይመረመራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ግፊት አለባቸው። ሽንት እየከለከላቸው ተቸግረው ደሴ ወሰድናቸውና የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። አሁን ደግሞ «መጀመሪያ ልባቸው ይታይ» ተባልን። አባቴ «ልቤን አሞኝ አያውቅም፣ ገንዘባችሁን ሊያስጨርሱ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ዓምና አንድ ጎረቤታችን ሆዳቸውን ተሠርተው በሰላም ወጡ ከተባለ በኋላ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ፈርተናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። ልባቸው ይታይ መባሉ ትክክል ነው። ቢላዋው ልብ አጠገብ ባይደርስም የቀዶ ሕክምናውን ሸክም ልብም ይሸከማል። ደም ይፈሳል። ማደንዘዣው፣ በተለይ በጀርባ የሚወጋው፣ ግፊትን ያወርዳል። ማደንዘዣው ሲለቅ ደግሞ ሕመሙ ልብን ያስሮጠዋል። የሚሮጥ ልብ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚደርሰው ደም ግን ቀንሷል። የልብ ደም ሥሮቹ ቀድመው የጠበቡበት ሰው የልብ ጡንቻው የሚጎዳው ያኔ ነው።

አባትዎ «አሞኝ አያውቅም» ማለታቸው እውነት ነው፤ ግን መተማመኛ አይሆንም። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከልብ ውጭ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ተጠንቶ፣ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 8 በመቶ ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ የልብ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 84 በመቶዎቹ የደረት ሕመምም ሆነ ሌላ የልብ ምልክት አልነበራቸውም። ጉዳቱ ከደረሰባቸው ከ10 አንዱ ያህል ግን በዚያው ወር ሞተዋል። ለዚህ ነው ዝም ያለ ልብ የሚያስፈራኝ። የሕመም ማስታገሻው ምልክቱን ይሸፍነዋል፤ የቆየ ስኳርም ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል። ጎረቤታችሁን ምን እንደገደላቸው ሳላያቸው መናገር አልችልም። ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋትም፣ ኢንፌክሽንም እንዲህ ያደርጋል።

ወደ አባትዎ ልመለስ፤ ልባቸውን ለአደጋ የሚያጋልጡትን ልቁጠርልዎ። ዕድሜያቸው አንድ ነው። ስኳር ሁለት፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ግፊት ሦስት። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ኩላሊት ነው። ፕሮስቴቱ ሽንት ሲያግድ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ይጎዳል። የደከመ ኩላሊት ደግሞ ራሱን የቻለ የልብ አደጋ ምልክት ነው። ስለዚህ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) መመርመሩን ጠይቁ። ሽንቱ በቱቦ ተለቆ ኩላሊቱ ጥቂት እንዲያገግም መጠበቅ ካስፈለገ አትቸኩሉ። ከዚህ ቀደም ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የልብ ደም ሥር መጥበብ ከነበረባቸው ሳትደብቁ ተናገሩ። ደም ማነስም እንዲሁ። በድንገት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከታቀደው የበለጠ ያሰጋል፤ የእርሳቸው የታቀደ መሆኑ ጥሩ ዕድል ነው።

አንድ ነገር ቤት ውስጥ እዩልኝ። አባትዎ የሰፈራችሁን አቀበት ወይም የሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ? በእኛ አገር አቀበት መች ጠፍቶ! የሚያቆማቸው ጉልበታቸው ነው ወይስ ትንፋሽ? ትንፋሽ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት እሱን ይሁን።

ሌላው ጫት ነው። ለዱአም ይሁን ለወግ የሚቅሙ ከሆነ ሐኪሙም፣ ማደንዘዣ ሰጪውም ማወቅ አለባቸው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ብዙ አባቶች ልጅ ፊት ሲጠየቁ አፍረው «የለም» ይላሉ። እባክዎ እርስዎ ትንሽ ወጣ ይበሉላቸውና ለብቻቸው ይናገሩ።

መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከጎረቤት ተውሳችሁም አትጀምሩ። የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን ድሮም የሚወስዱ ከሆነ ድንገት መተው አደጋ አለው። በቀዶ ሕክምናው ቀን በከፍተኛ መጠን ማስጀመርም እንዲሁ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት የልብ ድንገተኛ ጥቃትን ቢቀንስም ስትሮክንና ሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። አስፒሪን፣ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ኪኒን፣ የስኳር መድኃኒት፤ የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚቆም ማደንዘዣ ሰጪው ይንገራችሁ። ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሱ። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ካለ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ከዚያም በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ቢደረግ ዝም ያለውን ጉዳት ያሳያል። ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ የሚሰጥ መድኃኒት አለ።

ከተሠሩ በኋላ ባሉት ሦስት ሌሊቶች አስታማሚው ባይተኛ ደስ ይለኛል፤ ተራ ግቡ። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ልባቸው ከሮጠ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ «ደክሟቸው ነው» ብላችሁ አትለፉ። በዚያው ሰዓት ነርሷን ጥሩ።