የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጀርመን አገር ለሽያጭ የቀረበው አሮጌ መርሴዲስ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ጀርመን የሚኖረው የእህቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራ ክፍት መርሴዲስ 190 ኤስኤል ለሽያጭ ቀርቦ አይቷል። በጋራ ገዝተን ዋጋው ሲጨምር እንድንሸጠው፣ ካልሆነም ወደዚህ አምጥተን ለሠርግ እንድናከራየው ይፈልጋል። ማስታወቂያው መኪናው ሙሉ በሙሉ እንደታደሰ፣ ቀለሙም ወንበሩም አዲስ እንደሆነ፣ ሞተሩም ለሞዴሉ የሚስማማ እንደሆነ ይገልጻል። አንድ የዚህ ፋብሪካ መኪና በ135 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡን በዜና ስለሰማሁ ነገሩ አጓጉቶኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከምሥራቅ ጎጃም አንባቢ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የሰሙት ዜና እውነት ነው፤ ሆኖም የእህትዎን ልጅ መኪና አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው 300 ኤስኤልአር ከእሽቅድምድም መኪና የተወለደ፣ በ1955 ከተሠሩት ሁለት ባለ ጣራ መኪኖች አንዱ ነው። 190 ኤስኤል ግን ከ1955 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት 25,881 ያህል ተመርቷል። ሁለቱ በፊታቸው ላይ ያለው ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ ቢያመሳስላቸውም በገበያው አይገናኙም። ብዙ ሰው ከ190ው ጋር የሚያምታታው ሌላው ክፍት መኪና 300 ኤስኤልም እንዲሁ የተለየ ነው፤ ከእሱ የተሠሩት 1,858 መኪኖች ብቻ ሲሆኑ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ነዳጅ በቀጥታ የሚረጭለት፣ አካሉም በቀጫጭን ቱቦዎች አጽም ላይ የቆመ ነው። 190ው ግን 1.9 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደርና 105 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለጉዞ የተመቸ እንጂ ለውድድር ያልተፈጠረ መኪና ነው። ይህን የምጽፈው መኪናውን ለማሳነስ አይደለም፤ በመልኩ ረገድ በዘመኑ ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ካማሩት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ቀለምና ቆዳ በገንዘብ የሚታደሱ ነገሮች ስለሆኑ ስለ መኪናው ማንነት የሚነግሩን ጥቂት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሞተሩ ለሞዴሉ የሚስማማ ነው የሚለው ቃል ነው። ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ሞተር ቢሆን ኖሮ ሻጩ ይህንኑ በግልጽ ይጽፈው ነበር። በነዚያ ዓመታት መርሴዲስ ተመሳሳይ ሞተር ለተራ የቤት መኪኖቹም ስለሠራ፣ የ190 ኤስኤል ሞተር ሲያረጅ ርካሹን የቤት መኪና ሞተር መተካት የተለመደ ነበር። ይህን ለማወቅ በሞተሩ ብረት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ የ190 ኤስኤል ሞተር ቁጥር በ121.921፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በ121.928 ይጀምራል። ቁጥሩ በ121.920 ከጀመረ ሞተሩ ከቤት መኪና የተወሰደ ነው። ከዚያም ቁጥሩ በፋብሪካው መዝገብ ከተጻፈው ጋር መመሳከር አለበት፤ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሞተሩን፣ የአካሉንና የመጀመሪያ ቀለሙን መረጃ የያዘ ካርድ ስላለው፣ የካርዱን ቅጂ ሻጩ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ ዝገት ነው። የ190 ኤስኤል ወለልና የበሩ ሥር ያሉት የብረት ማዕዘኖች የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ስለሆኑ፣ እነሱ ከበሰበሱ ጉዳቱ የላሜራ ብቻ ሳይሆን የመኪናው አጥንት መሰበር ነው። እርስዎ በሱቅዎ ባትላሜራ ሠሪዎች ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ሲገዙ ዘወትር ስለሚያዩ የሚከተለው አይቸግርዎትም። የእህትዎ ልጅ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዞ ይሂድ። በፓራፋንጎውና በበሩ ሥር ባለው ብረት ላይ ማግኔቱ አጥብቆ መያዝ አለበት፤ በላላበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። በሮቹ፣ ኮፈኑና የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ላይ ግን ማግኔቱ ባይይዝ አይደንግጥ፤ እነዚህ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። እንዲያውም በእነሱ ላይ ከያዘ ክፍሉ በብረት የተተካ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከዚያ መኪናው በሊፍት ተነሥቶ ከሥሩ ይታይ፤ የወለሉ ምንጣፍ ተገልጦ ብረቱ በእጅ ይዳሰስ። ታድሷል የተባለ መኪና የተሠራበትን ሂደት የሚያሳይ ፎቶግራፍና የጋራዥ ደረሰኝ ከሌለው፣ ሥራው ከቀለም አልዘለለም ብዬ ነው የምገምተው።

ነዳጅንና አየርን ቀላቅሎ ለሞተሩ ስለሚሰጠው ካርቡሬተርም ይጠይቁ። መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በሁለት ሶሌክስ ካርቡሬተሮች ሲሆን፣ እነዚህ ለማስተካከል አስቸጋሪ በመሆናቸው ብዙ ባለቤቶች ዌበር በተባለው ሌላ ሥሪት ቀይረዋቸዋል። መኪናው በዌበርም በደንብ ይሄዳል፤ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ግን የመጀመሪያዎቹን ስለሚፈልግ ሶሌክሶቹ በሳጥን ተቀምጠው አብረው ይሸጡ እንደሆነ ማረጋገጥ ለዋጋው ወሳኝ ነው። ጀርመን አገር ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ ደግሞ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ ስለሆኑ፣ የጉምሩክ ወረቀታቸው የተሟላ መሆኑ ይታይ።

ወደ ጎጃም ስለማምጣት የጠየቁት አጭር መልስ ነው ያለው። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደች፣ ይህ መኪና ለሠርግ ይከራያል የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። ቢፈቀድ እንኳ ለመኪናው አዝናለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተርም በዚህ ከፍታ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ደግሞ አራቱም ጎማው ላይ ከበሮ ፍሬን ያለው መኪና ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ መኪናው እዚያው ይቀመጥ። የሚቀረው ትርፍ ይገኝበታል ወይ የሚለው ነው፤ የዚህ ሞዴል ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ ወርዷል፣ የማደሻ ወጪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሸጫው ዋጋ ይበልጣል። የመጋዘን ኪራይ፣ የመድን ክፍያና ዓመታዊ ጥገናም አለ። እኔ ብጠየቅ ከሱቅዎ ማንቀሳቀሻ ገንዘብ አንድም ብር ለዚህ እንዲወጣ አልመክርም፤ የውጭ ምንዛሬውን ከባንክ ውጭ መላክም ሕግ መጣስ ነው። የእህትዎ ልጅ መኪናውን የሚወደው ከሆነ በራሱ ገንዘብ ይግዛው። እርስዎ ልምድዎን ያካፍሉት።

እሱም ከመዋዋሉ በፊት ገለልተኛ የአሮጌ መኪና ባለሙያ አስመርምሮ የጽሑፍ ግምገማ ይውሰድ፤ በጀርመን ይህ ግምገማ መኪናውን ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ያስቀምጠዋል፣ 1 ከሁሉ የተሻለው ነው። የሞተሩና የአካሉ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሻጩ መኪናው በሊፍት እንዲነሣ ካልፈቀደ ግን ቀብድ ሳይከፍል ይመለስ።