ዝግ የነበረው በር

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። የስራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው፣ ሰው ምን በላ፣ ምን ገዛ፣ ምን ሸጠ እያልኩ። አሁን ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ስለ እድገት ስትከራከሩ እሰማለሁ፣ አንዱ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው ይላል፣ ሌላው የቆመውን ፎቅ እያሳየ ይሄው አድገናል ይላል፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን ማናችሁም አትጠይቁም፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ድህነት እኛ አገር የሚለካው እንዲህ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ በብር ይተመናል፣ ለልብስ ለቤት ምናምን የሚሆን ይጨመርበታል፣ ከዛ በታች የሚያወጣ ድሃ ይባላል። የሚያወጣ ነው ያልኩት፣ ገቢውን አይደለም፣ ገበሬን ገቢህ ስንት ነው ብትሉት ከየት አምጥቶ ይነግራችኋል፣ የበላውን ግን ያውቃል። በዚህ መለኪያ በ1988 ከመቶ ሰው 45.5 ድሃ ነበር፣ በ2008 ወደ 23.5 ወረደ። እኔ አምነዋለሁ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጅሩ ላይ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት በቦይ እየተጠነፈፈ ስንዴ ሲታፈስበት፣ የሳር ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲሆን አይቻለሁ። በተለይ እስከ 2003 ድረስ ድህነትን በዋናነት የቀነሰው እርሻው ነው፣ ፎቁ አይደለም።

ግን ቁጥሩን ገለጥ አድርጉት። በ2003 ድሃው ከመቶ ገጠር 30.4፣ ከተማ 25.7 ነበር፣ ብዙም አይራራቁም። በ2008 ከተማው 14.8 ሲደርስ ገጠሩ 25.6 ላይ ነው። ሁለቱም ቀንሷል፣ እውነት ነው፣ ከተማው ግን ጥሎት ሄደ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። መንዝ ውስጥ ነው፣ የበልግ ዝናብ ሳይዘንብ የቀረበት አመት። ዝርዝሬ ላይ ያለ አንድ ቤት ስሄድ ዝግ ነው፣ በማግስቱም ዝግ። ጎረቤቷ "ኧረ እነሱ ቆላ ወርደዋል፣ ሮቢት፣ ለቀን ስራ" አለችኝ። ለአለቃዬ ብነግረው በጎረቤት ተካው አለኝ፣ ተካሁት። ጎረቤቷ ጎተራዋ ውስጥ ገብስ ነበራት፣ ጥቂት በጎችም ነበሯት፣ ቅጹም ሞላ፣ ስራውም አለቀ። በዛ ቀበሌ ከሁሉ የባሰውን ድሃ ግን በገዛ እጄ ከቁጥር አወጣሁት። ድሃ ሁልጊዜ ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፣ ችግሩ ራሱ ነው ከቤቱ የሚያስወጣው።

በጉንም ተመልከቱት። አንዱ ያደለበውን ሙክት ለፋሲካ አውጥቶ በደህና ዋጋ ይሸጣል፣ ሌላው ነሐሴ ላይ እህል ሲያልቅበት የምትወልድ እናት በጉን በማይረባ ዋጋ ይሰጣል። ቅጹ ላይ ሁለቱም "በግ ሸጧል" ነው። የመጀመሪያው ነገ ይሻለዋል፣ ሁለተኛው ጥሪቱን በላ፣ በሚቀጥለው አመት የሚሸጠውም የለው። ሴፍቲኔት የሚባለው፣ ለችግረኛ ቤተሰብ ብር ወይም እህል የሚሰጠው ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ነገሩ ይሄ ነበር፣ ክፉው ወር እስኪያልፍ ሰው ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማገዝ። ክፍያው ሲዘገይ ግን በጓ ቀድማ ገበያ ትወጣለች፣ እናም ከእናንተ መሀል ቢሮ ገብቶ እንዲህ ያለ ክፍያ ላይ የሚፈርም ካለ ልጄ በናትህ አታዘግየው፣ የአንድ ወር መዘግየት እዛ ላይ ምን እንደሚያደርግ አሁን ነግሬሃለሁ።

ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ደግሞ አማካይ ሲነገራችሁ እሺ ብላችሁ አትለፉ፣ ከታች ያሉት ከመቶ አስሩ ምን ሆኑ በሉ። ጂኒ የሚባለው፣ በሰው መሀል ያለው የኑሮ ልዩነት መለኪያ ከ2003 እስከ 2008 ከ0.30 ወደ 0.33 ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በላይኛውና በታችኛው ሰው መሀል ያለው ልዩነት መስፋቱን ነው የምትናገረው።

ታብሌት ይዛችሁ ቆጠራ የምትወጡም ትኖራላችሁ። በሩ ዝግ ከሆነ ወዴት ሄዱ፣ መቼ ይመለሳሉ ብላችሁ ጻፉልኝ፣ ሶስቴም ቢሆን ተመለሱ፣ አለቃ ቢቆጣም። ያ የመንዙ ቤተሰብ ከሮቢት ተመልሶ ይሁን እዛው ቀርቶ ይሁን እኔ ዛሬም አላውቅም፣ ያኔ ተመልሼ አልጠየቅኩም።